አባቴ ስለ ዋጋ የነገሩኝ

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ልጄ ሰናይት ስለ አንድ የጥንት ፈረንጅ አጫወተችን። ሰናይት ኮሌጅ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ታስተምራለች፤ ሰውየው ይህን ትምህርት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ነው አለች። ሚስት አላገባም አሉ። በባሕር ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ዓመታት ሙሉ ሲያስብና ሲጽፍ ኖሮ፣ በመጨረሻ የአገር ሀብት ከየት እንደሚመጣ የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። መርፌ የሚሠሩ ሰዎች አንዱ ሽቦ ሲስብ፣ አንዱ ሲቆርጥ፣ አንዱ ሲሞርድ አይቶ ብዙ ነገር እንደተገለጠለት ስትነግረን ልጆቹ ሁሉ ስለ መርፌው ይጠይቋት ጀመር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። "ለመሆኑ እናቱ ወረቀቱን አልነካችበትም?" አልኋት። ሰናይት ሳቀች። "እማዬ ደግሞ! ምን ልታደርገው ትነካበታለች?" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መስዬ ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ገብቼም ቧንቧውን ከፈትሁ።

ለልጄ ያልነገርኋት ነገር አለ። አያቷም ጽፈው ነበር። እሷ ገና ጡት ትጠባ ነበርና እሳቸውን አታስታውስም፤ ያላት ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው፣ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ ጺማቸው ለሁለት የተከፈለ ሽማግሌ። የሚያውቋቸው ሰዎች መሪጌታ ጥሩነህ ይሏቸዋል። እኔ አባባ እላቸው ነበር።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ የባሕር ዳሩ ዓባይ ማዶ እንደ ዛሬው ባጃጅ የሚርመሰመስበት ሰፈር አልነበረም። ድልድዩን የምንሻገር በእግራችን ነው። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው ጧት ፋብሪካው ሲጮህ በሰማያዊ ቱታው እየተቻኮለ ይሻገራል፣ ማታ ብናኝ ጥጥ እንደ ሽበት ጠጉሩ ላይ ተለጥፎ ይመለሳል። ባለቤቴ ደምሴ ከነዚያ አንዱ ነበር። ዓሣ ርካሽ ነው፤ ሐይቁ ዳር የወረደ ሰው በስሙኒ ሁለት ቀረሶ በደንገል ልጥ አንጠልጥሎ ይመለሳል፣ በሽልንግ ከሆነ ቤተሰብ ሙሉ ይጠግባል። ስኳርና ሳሙና ግን ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ነው፤ ለዚያ ሰልፍ ሴቶች ጧት ድንጋይ አስቀምጠን ቦታ እንይዝ ነበር፣ ድንጋዩም እንደ ሰው ተራው ይከበርለታል። ጎረምሳው ቴትሮን ሸሚዝ አድርጎ፣ አንገትጌውን አቁሞ ዘንባባው ሥር ይዘዋወራል። እኛ እናቶች ከፋብሪካው ሱቅ የሚወጣ ጉድለት ያለበት አቡጀዲ እየገዛን ለልጆች እንሰፋለን። ቀን ቀን የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማርሽ ያሰማል፤ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ደግሞ ወንዙ ዳር የሠርግ ዘፈን ያንጎራጉራሉ፣ አንድ ሰው በመንገድ ሲመጣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዛሬ ያ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ያለበት ቦታ ካፌ ሆኗል። ባለፍሁ ቁጥር ወንበሮቹን እያየሁ የትኛው የእኔ ድንጋይ ነበር እላለሁ።

አባባ ወደ እኛ የመጡት እህል መነገድ ሲከለከሉ ነው። በልጅነታቸው ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት የሚጽፉ። ኋላ ልጆች ሲበዙባቸው ወደ ንግድ ገቡና ከቆላ ድባ ገበያ ጤፍና ሽንብራ እየገዙ በጎርጎራ በኩል በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ያመጡ ነበር። በየገበያው ሲውሉ አንድ ጥያቄ ልባቸው ውስጥ ገባ። በጥጋብ ዓመት ገበሬው ሦስት አህያ ጭኖ ይወጣል፤ ጨውና በርኖስ ሳይገዛ ይመለሳል። ቀጠን ባለ ዓመት አንድ አህያ ጭኖ ይወጣል፤ ሁለቱንም ገዝቶ ይመለሳል። ይህ ለምን ይሆናል? የቅኔ መምህራቸውን ቢጠይቁ "ይህ የነጋዴ ነገር ነው፣ አንተ መወድስህን ቁጠር" አሏቸው። ነጋዴዎቹን ቢጠይቁ "የእግዜር ሥራ ነው" አሏቸው። ስለዚህ ራሳቸው ይመልሱት ጀመር። ወፍራም ደብተር ገዙና እንደ ብራና በቀይና በጥቁር እየለዩ፣ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው፣ ሃያ ዓመት ያህል ጻፉ። ከእሳቸው በፊት በነገሥታቱ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ አንድ ያገራችን ሰው እንደነበረ ሰምተው ነበር፤ መጽሐፉን ፈልገው አላገኙትም። ስለ ፈረንጆቹ ግን ምንም አያውቁም።

እኛ ዘንድ ከመጡ በኋላም መጠየቅ አልተዉም። መቋሚያቸውን ይዘው ገበያ ይወርዱና ከሻጭ ሻጭ እየዞሩ ዋጋ ሲጠይቁ ይውላሉ፤ አይገዙም። ሴቶቹ ለምደዋቸው ነበር። አንድ ቀን አብሬያቸው ሳለሁ ሽንኩርት ሻጯ ገና ከሩቅ አይታቸው፣ "መሪጌታ፣ ዛሬስ ይገዛሉ ወይስ ያው ጥያቄ ነው?" አለቻቸው።

"ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ማንን ይጎዳል ልጄ?"

"ኧረ እኔን! እርስዎ ሲጠይቁኝ የቆመ ሰው ሁሉ የምሸጥልዎ መስሎት ተራውን ትቶ ይሄዳል" አለች። እሳቸውም ሳቁና፣ ይህንንም እጽፈዋለሁ አሉ። ጻፉትም።

ያወጡት ነገር ብዙ ነው፤ እኔ አራተኛ ክፍል የቆምሁ ሴት ሁሉንም ልይዘው አልችልም። አንዱን ግን እስከ ዛሬ እንደ አባታችን ሆይ አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት በጎጃም በኩል በረዶ አዝመራውን መታው። ወሬው ሐይቁን ሳይሻገር ቅዳሜ ቆላ ድባ ገበያ ላይ የጤፍ ዋጋ ወጣ። ሻጮቹ ለምን እንዳስወደዱ አያውቁም፤ ጀልበኞቹ አብዝተው ስለገዙ ብቻ ነው። "አየሽ የሺ" ይሉኛል አባባ፣ "በረዶውን ያየ ሰው ሳይመጣ ወሬው መጣ። ዋጋ መልእክተኛ ነው። እግር የለውም፣ ከፈረስ ይፈጥናል። እህል ተወደደ ማለት፣ እዚያ ራብ ሊገባ ነው፣ ጫኑና ኑ ማለት ነው።" ሰናይት አሁን ክፍል ውስጥ በብዙ ሥዕልና መስመር የምታስረዳውን ነገር እኔ ቃሪያ እየቀነጠስሁ ሰምቼዋለሁ።

ችግሩ ዘመኑ ነበር። "ኢኮኖሚ" የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ነው፤ ሲመጣም ሁልጊዜ "አሻጥር" ከሚለው ጋር ተጣብቆ ነው። ለብዙ ዓመት ቃሉ ራሱ ወንጀል ይመስለኝ ነበር። ሰናይት ያን ትምህርት መረጥሁ ስትለኝ ደረቴን የያዝሁት ለዚህ ነው። የእህል ዋጋ በትእዛዝ ተቆረጠ። ኬላ ላይ ሁለት ቁና ሽንብራ የያዘች ሴት ትፈተሻለች። ከቤታችን ሦስተኛው ላይ የነበረ እህል ነጋዴ አንድ ቀን ተወስዶ ወር ሙሉ ሳይመለስ ቀረ፣ ሲመለስም ማንንም አያናግርም። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ልጆቼ ሲያስነጥሱ ሐኪም ቤት የምሮጥ፣ ደምሴ ሩብ ሰዓት ሲዘገይ ድልድዩ ድረስ የምወጣ ሴት ነኝ።

አባባ ለእህታቸው ተዝካር ቆላ ድባ ሄደው ሳለ ሣጥናቸውን ሳጸዳ ደብተሩን ከፈትሁት። በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፦ ዋጋን በትእዛዝ ያሰረ መልእክተኛውን አሰረ፤ መልእክተኛው የታሰረበት አገር ራብ መግባቱን የሚሰማው ሬሳ ሲያይ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብሁት። ይህን ያገኘ ሰው አባባን፣ ደምሴን፣ ከዚያ ልጆቼን ምን እንደሚያደርግ ታየኝ። ላቃጥለው አስቤ ነበር። ያን ጽሕፈት ሳየው ግን እጄ እንቢ አለ።

በማግሥቱ ወደ ጀልባው ማቆሚያ ወረድሁ። ሴት ከማይገባበት ከአንዱ ደሴት ገዳም አንድ መነኩሴ፣ አባ ወልደ ሰንበት የሚባሉ፣ ጨው ለመግዛት ይመጡ ነበር። በክፉ ቀን ሰው ዕቃውን ገዳም ማኖሩ የቆየ ልማድ ነው። በነጠላ ቁራጭ የጠቀለልሁትን ሰጠኋቸው። "አደራ ነው ወይስ ስጦታ?" አሉኝ። አደራ ከሆነ የባለቤቱን ስም ጽፈው ከዕቃው ጋር ያስቀምጡታል፣ ባለቤቱም ቀን ሲወጣለት ይወስዳል። እኔን ያስፈራኝ ደግሞ ያ ስም ነው። የአባባ ስም እንዲጻፍ ማን ይፈልጋል? "የስለት ነው አባ" አልሁ። "ቤቴን ጠብቅልኝ ብዬ የተሳልሁት።" እስከዚያ ደቂቃ ድረስ አልተሳልሁም ነበር፤ ሳወራ ነው የተሳልሁት። የስለት ዕቃ ተመልሶ እንደማይወጣ ደግሞ ሕፃን ልጅም ያውቃል። አባ ወልደ ሰንበት ተሳልመው ተቀበሉኝና ታንኳው ላይ ከጨው ከረጢቱ ጎን አኖሩት። ያን ጊዜ ቀለል አለኝ። ያ ቀለል ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከሳምንት በኋላ አብዮት ጥበቃዎች ለፍተሻ መጡ። ሦስት ነበሩ። የሚፈልጉት ግን የተደበቀ እህል ነበር። ጎታውን ገለበጡ፣ ጭዱን በዱላ ወጉ፣ ምንም ሲያጡ አንደኛው ደክሞት የአባባ ሣጥን ላይ ተቀመጠና ውኃ ለመነኝ። ከጎኑ ዳዊቱና ሌሎች የአባባ መጻሕፍት ተደርድረው ነበር፤ ዞር ብሎም አላያቸው። ውኃውን ጠጥቶ አመስግኖኝ ወጣ። ደብተሩ እዚያው መካከል ቢሆን ኖሮ እንደ ጸሎት መጽሐፍ አይቶ ያልፈው ነበር።

አባባ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኋቸው። ተቆጡ ብል ይቀለኝ ነበር። "በስለት?" ብቻ አሉ። በማግሥቱ ታንኳ ተከራይተን ሄድን። እኔ ሴቶች ከማያልፉበት ድንጋይ ሥር ቆየሁ፣ እሳቸው በመቋሚያ እየተደገፉ ዳገቱን ወጡ። የወፎቹ ጩኸት፣ የረጠበ ደንገል ሽታ፣ ውኃው ታንኳውን ሲመታው የሚያሰማው ድምፅ፣ ሁሉም አሁን እንደሆነ ነው። ብዙ ቆይተው ባዶ እጃቸውን ወረዱ።

"እንቢ አሉዎ አባባ?" አልሁ።

"ሰጡኝ እንጂ። እጄ ላይ አደረጉት። አገላብጬ አየሁትና መለስሁላቸው።"

"ለምን?"

"ቤቴን ጠብቅልኝ ብለሽ ተሳልሽ። ተፈተሸ፣ ቤትሽም ተጠበቀ። የሰመረ ስለት ነጥቄ ወስጄ ነገ ከልጆችሽ አንዱን ነገር ቢያገኘው ማን ፊት እቆማለሁ?"

ስንመለስ ታንኳ ቀዛፊውን ስለ ደንገል ዋጋ ሳይጠይቁት ደረስን። ከዚያ በፊት እንዲህ ሆነው አያውቁም። ኋላ፣ ዘመኑ ካለፈ በኋላ፣ ደምሴን ወደ ደሴቱ ልኬው ነበር። አባ ወልደ ሰንበት ዐርፈዋል፤ ዕቃ ቤቱ አንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ የበሰበሰው ወረቀት ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ተቀብሯል አሉት።

ነገር ግን ደብተሩ ሲሄድም ሁሉም አልጠፋም ነበር፤ ይህን ነው ለልጄ መናገር ያቃተኝ። ዓመት ሳይሞላ የአባባን ዓይን ሞራ ጋረደው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ፣ "ደብተሩ ሄደ እንጂ ነገሩ ራሴ ውስጥ አለ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ" አሉኝ። ሱቅ ሄጄ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት ደብተርና እስክሪፕቶ ገዛሁ። የመጀመሪያውን መስመር፣ በስመ አብን፣ እውነት ጻፍሁ። ሁለተኛው ላይ የቀበሌዋ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ በራችን ላይ ቆማ ደኅና ዋላችሁ አለች። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችም፤ ልጆቹን ጠይቃ ሄደች። እጄ ግን ከዚያ በኋላ ፊደል መሥራት እንቢ አለኝ። አባባ ይናገራሉ፤ እኔ እስክሪፕቶውን ወረቀቱ ላይ እንደ ሐይቅ ሞገድ እየነዳሁ ድምፁን አሰማቸዋለሁ። ከገጽ ገጽ እገልጣለሁ። አልፎ አልፎ "እስቲ አንብቢልኝ" ይሉኛል፤ ያሉትን ገና አልረሳሁትምና በቃሌ እመልስላቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የመልእክተኛውን ነገር እስከ ዛሬ የያዝሁት በዚያ ነው። ማታ ደብተሩን አውጥቼ ሞገዱን አያለሁ፤ ነገ እውነቱን እጽፋለሁ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ደግሞ በሩን አያለሁ።

በዚያው ዓመት ራብ ገባ። ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ድልድዩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፣ በየደጁም ይለምኑ ነበር። አንዲት ሴት በራችን ላይ ስለ ማርያም ስትል አባባ ድምፅዋን ሰሙ። ይበሉት የነበረውን እንጀራ ትተው ለሷ ሰጡ። በማግሥቱ አስቀመጡኝና እንዲህ አሉ፦ "ዋጋ መልእክተኛ ነው ብያለሁ። ግን መልእክተኛው የሚያንኳኳው ብር ያለውን ሰው ደጅ ብቻ ነው። ባዶ እጁን የቆመ ሰው ራቡን በዋጋ መናገር አይችልም። እሱን ማን ይሰማዋል? መጽሐፌ ይህን ካልመለሰ ግማሽ መጽሐፍ ነው።" ከዚያ መልሱን ይናገሩ ጀመር። ሦስት ቀን፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ድምፃቸው ሳይደክም ተናገሩ። እንደዚያ ሲናገሩ አይቻቸው አላውቅም። በሦስቱም ቀን ግን አንብቢልኝ አላሉኝም። እኔም ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን እንደ ጸሐፊ ልማድ "ተፈጸመ" አሉና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ስንት ገጽ ሆነ የሺ?"

"ስድስት" አልሁ።

ፈገግ አሉ። "እኔ ብራና ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። የሚጽፍ ብዕር ከቃል ቃል ሲሻገር ሁለት ነጥብ ያሳርፋል፤ ጠቅ ጠቅ ይላል። ያንቺ ብዕር ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ጠቅ ብሎ አያውቅም።"

እስክሪፕቶው ከእጄ ወደቀ። አጎንብሼ እንኳ አላነሳሁትም። "ካወቁ ታዲያ ምነው ይህን ሁሉ ደከሙ አባባ?" አልኋቸው።

"ወረቀቱ ያስፈራሻል፤ የልጆች እናት ነሽ፣ አልፈርድብሽም። ባትጽፍም ትሰማኛለች ብዬ ነው። የሰማ ሰው አንድ ቀን ይናገራል።"

"እሰማለሁ አባባ" አልኋቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው መረቁኝ። ጥምቀትን ሳያዩ ዐረፉ።

እነዚያን ሦስት ቀኖች እኔ በሩን ስሰማ ነበር የዋልሁት። ማን እንዳለፈ ዛሬም መናገር እችላለሁ፤ የውኃ ሻጩ አህያ ሁለት ጊዜ አለፈች፣ የጎረቤቴ ልጅ ኮንጎ ጫማውን እየጎተተ ሮጠ፣ ሁለት ጥበቃዎች ስለ ሲጋራ እየተከራከሩ ወደ ድልድዩ ወረዱ። ከአባቴ ቃል የቀረኝ ጥያቄው ነው። መልሱን አልሰማሁትም።